ከባለ እጁ ልጅ ጋር የተማርኩት ሠንጠረዥ

ትምህርት ቤቱ ያለበትን ከተማ ስም አልጠራም። መንዝ ውስጥ ነው፤ ከዘመሮ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ። ከዚህ በላይ ብናገር ሰዎቹ ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። የራሴንም ስም አልጽፍም። አብራኝ የተማረችውን ልጅ ስም ደግሞ አንድ ጊዜ በማይገባ ቦታ ጠርቼዋለሁና ሁለተኛ አልጠራውም።

ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ከሌሎቹ ከአንድ ወር በላይ ዘግይቼ ነው። እናቴ መስከረም መባቻ ላይ ወልዳ አራስ ስለነበረች ቤቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ክርስትና በተነሣ ማግስት አባቴ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ባናዬንና አንድ ስልቻ የገብስ ዱቄት በፈረስ ጭኖ ከተማ ወሰደኝና ለታላቅ እህቱ አስረከበኝ።

አክስቴን እትዬ ነበር የምላቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጠላ እየጠመቁ የሚኖሩ፣ ደግና ፈሪ ሴት ነበሩ። ፈሪ ስል ሰው አይፈሩም፤ የሚፈሩት ዓይንን፣ ጥላን፣ የቀትር ጋኔንን ነበር። በመጣሁ ዕለት አንገቴ ላይ ክታብ አሰሩልኝና ከማንም ቤት እህል እንዳልቀምስ አስጠነቀቁኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል። በአንድ ዴስክ ሦስትም አራትም ሆነው ተጣበው ተቀምጠዋል። ከኋላ በመስኮቱ በኩል ግን አንዲት ልጅ አንድ ሙሉ ዴስክ ለብቻዋ ይዛለች። መስኮቱ መስታወት ስለሌለው ለብርዱ ሲሉ ሸሽተውት ነው ብዬ ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ደብተሯን ወደ ራሷ ሰብሰብ አደረገችና ቦታ ለቀቀችልኝ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ምክንያቱን የሰማሁት በዕረፍት ሰዓት ነው፤ አንዲት ልጅ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና የባለ እጅ ልጅ መሆኗን ነገረችኝ።

በእኛ አገር ባለ እጅ የሚባለው ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው ነው። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ በግ የሚያርድበት ቢላ ሁሉ ከእሱ እጅ የወጣ ነው። ያለ እሱ አንድ ክረምት አይታለፍም። ቤቱ ግን አይበላም፤ ልጁ አትታጭም፤ በማኅበር ጽዋ አብሮ አይቀመጥም። ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ቡዳ የሚለውን ቃል ፊት ለፊቱ የሚናገር የለም፤ ዘወር ሲል ግን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነበር።

ቦታ ልቀይር አሰብኩ። ግን የትም ቦታ አልነበረም፤ ተነሥቼ መሄዱም አሳፈረኝ። በዚያው ቀረሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክርኔ ክርኗን እንዳይነካ እየተጠነቀቅኩ፣ እጄን ክታቤ ላይ እያደረግኩ ነበር የምማረው። እሷ ይህን ሁሉ ታይ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ትምህርቱ የሚሰጠው በፕላዝማ ነበር። በብረት ሳጥን የሚቆለፍ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰሌዳው አጠገብ ተሰቅሏል። ሰዓቱ ሲደርስ መምህሩ ይከፍተዋል፤ አንድ የማናውቀው ሰው በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያስተምራል፤ ጥያቄ ይጠይቅና መልስ እስክናስብ ሳይጠብቅ ራሱ መልሶ ያልፋል። ከሰላምታው በቀር የሚገባን እምብዛም አልነበረም። ብዙዎቻችን ሥዕሉን ብቻ እያየን ደወል እንጠብቅ ነበር።

የኬሚስትሪ መምህራችን ከሞቃት አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ብርዱን ስለማይችለው ሁለት ካፖርት ደርቦ ያስተምራል። ፕላዝማው በሚናገርበት ጊዜ እጁን አጣምሮ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ፊቱ ይፈካል። ኅዳር ላይ መብራት ጠፍቶ ለብዙ ቀን ሳይመለስ ቀረ። ያኔ ሁለት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ፣ በጥቁር ቀለም አስምሮበት መጣና ሰሌዳው ላይ ሰቀለው። ደረጃ ደረጃ የሆነ፣ ሁለቱ ጫፍ ከፍ ያለ፣ መሃሉ ዝቅ ያለ የሳጥን ሰልፍ ነው። ሳጥኖቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። ፔሪዮዲክ ቴብል ይባላል አለን፤ ዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ከተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች እያንዳንዱ እዚህ አንድ ቤት አለው፤ ቤቱን የምትሰጡት ግን እናንተ ናችሁ አለ።

ለየዴስኩ ከካርቶን የተቆረጡ ሃያ ካርዶች አደለን። በእያንዳንዱ ላይ የንጥረ ነገሩ ስም፣ ክብደቱና ጠባዩ በአማርኛ ተጽፏል። አንዱ ውሃ ሲነካው የሚነድ ለስላሳ ብረት ነው፤ አንዱ ከማንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ፤ አንዱ ዓይን የሚያቃጥል ቢጫ አየር። አሰልፏቸው አለን። ግማሹ ክፍል በፊደል ተራ ደረደረ። መምህሩ ያ የስም ጥሪ ነው፣ የጠባይ አይደለም ብሎ አፈረሰባቸው። ሌሎቹ ጋዙን ለብቻ፣ ብረቱን ለብቻ ቆለሉ።

ያቺ ልጅ ዝም ብላ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ትደረድር ነበር። ሃይድሮጅንንና ሂሊየምን ከላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሊቲየምን አስቀድማ ስምንት ካርድ በአንድ ረድፍ ዘረጋች፤ ዘጠነኛው ሶዲየም ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ካርዱን አንሥታ ከሊቲየም ሥር አደረገችው።

«ይሄ እንደዚያኛው ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። የመጀመሪያ ንግግሯ ነው። «ሁለቱም ለስላሳ ብረት፣ ሁለቱም ውሃ ሲነካቸው የሚነዱ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ይደገማል፤ እዪ።»

አየሁ። እውነትም ከሶዲየም ቀጥሎ ያለው ከሊቲየም ቀጥሎ ካለው ሥር እየገባ፣ ጠባዩ ከላይኛው ጋር እየገጠመ ሄደ። ስምንት ሄዶ ይደገማል። ስሜቱን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ የተበታተነ መንጋ በራሱ ጊዜ በየበረቱ ሲገባ እንደማየት ነበር። ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ስንደርስ ግን ተበላሸ። በክብደት ከሄድን ቀጣዩ ፖታሲየም ነው፤ እሱ ደግሞ የሚነድ ብረት ሆኖ ሳለ ከማንም ከማይዋሃዱት ጋዞች ሥር ሊገባ ነው። ጋዙ አርጎን በበኩሉ ከብረቶቹ ሥር ይወድቃል። አንገቷን ደፍታ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ሁለቱን አቀያየረቻቸው።

«የሚያሰልፋቸው ክብደታቸው አይደለም» አለች። «ሌላ ነገር አለ።»

መምህሩ ማን ደረሰበት ብሎ ሲጠይቅ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስምንት እየሄደ እንደሚደገም፣ ክብደት ሁለቱ ጋ ስቶ እንደሚያሳስት፣ ሌላ ቁጥር መኖር እንዳለበት ቃል በቃል የእሷን ተናገርኩ። መምህሩ ከግድግዳው ተላቆ ወደ እኛ መጣ። ሊቃውንት ብዙ ዓመት የተከራከሩበት ነገር ነው አለ፤ ክፍሉ እንዲያጨበጭብልኝ አደረገ። ከዚያ ምስጢሩን ገለጠልን። ተራው የሚወሰነው በእምብርታቸው ውስጥ ባሉት ፕሮቶኖች ቁጥር ነው። የጎን ረድፉ ኤሌክትሮኖቹ ስንት ዙር ቀለበት እንደሠሩ ይናገራል፤ የቁም ረድፉ በመጨረሻው ቀለበት ላይ ስንት እንደቀሩ። ጠባይ የሚወጣው ከመጨረሻው ቀለበት ነው። አንድ ያለው ሊጥለው ይቸኩላል፤ ሰባት ያለው አንድ ሊነጥቅ ያደባል፤ ስምንት የሞላለት ከማንም ምንም አይፈልግም። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ገብቶኝ ነው የጻፍኩት።

ስንወጣ ይቅርታ ልላት ፈለግኩ። እሷ ቀደመችኝ። እኔ ብናገረው ይሻላል አለች፤ እሷ አፏን ስትከፍት ተማሪው ሁሉ ዞሮ ያያታል፣ እሷም የምትለው ይጠፋታል። እንዲህ በማለቷ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ታስባለች፣ እኔ እናገራለሁ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በኬሚስትሪ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ከገና በኋላ መምህሩ የከረጢቱን ሳጥኖች በእውነተኛ ነገር እንድንሞላ አዘዘን። ስሙን መጻፍ አይበቃም፤ ያገኘነውን እያመጣን በክር እንድናስር ነው። ልጆቹ ከሰል፣ ከገበያ ድኝ፣ የተሰበረ የአሉሚኒየም ድስት ቁራጭ አመጡ። ያ ሁሉ ጥቂት ሳጥን ሞላ። እሷ የቀረውን ከአባቷ ቤት እናገኘዋለን አለችኝ፤ ከዚያ ቆም ብላ፣ ካልፈራሽ አለች። አልፈራም አልኳት። እትዬ ለጌሾና ለብቅል ገበያ በወጡበት ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ።

ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ አፋፍ ነው። አባቷ ከአንድ የሣር ዳስ ሥር ተቀምጠው ወናፍ ያናፋሉ። ከመኪና ሥር የወጣ ባሌስትራ ብረት እያጋሉ ማረሻ ይቀጠቅጡ ነበር። ሰላምታዬን በግማሽ ልብ ተቀበሉ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ልጃቸውን ጠየቋት፤ ስትነግራቸው መዶሻውን አስቀመጡ። የምንፈልገውን ስናስረዳቸው ግን ከጀርባቸው ባለው ጆንያ ውስጥ የነበረውን ቁርጥራጭ ሁሉ ገለበጡልን። ከድሮ ባትሪ የወጣ እርሳስ፣ የመዳብ ሽቦ፣ ከጆሮ ጌጥ የተረፈ የብር ፍንጣሪ፣ ከተጣለ ሸራ ጫማ ላይ የተነቀለ የናስ ቀለበት። ናሱን ልጃቸው መለሰችላቸው፤ ናስ መዳብና ዚንክ ተደባልቀው ነው፣ የብቻው ሳጥን የለውም አለቻቸው።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ እሱንስ» አሉ፤ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ማንበብ አይችሉም ነበር። ደብተሯን ዘርግታ ብረት የቱ ጋ እንደሆነ፣ መዳብ የቱ ጋ እንደሆነ በጣቷ አሳየቻቸው። መዳብና ብር ወንድማማቾች ናቸው አሉ እሳቸው በራሳቸው ጊዜ፤ ሁለቱም ለመዶሻ ይታዘዛሉ፣ ሁለቱም ይሳሳሉ እንጂ አይሰበሩም፣ ወርቅም ያው ነው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። መዳብ፣ ብር፣ ወርቅ በሠንጠረዡ ላይ አንዱ ካንዱ ሥር፣ በአንድ የቁም ረድፍ ናቸው። መጽሐፉ የሚለውን እሳቸው ከእሳቱ አውቀውታል።

እናቷ ከሸክላቸው ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። ጓዳ ገብተው ወጡ፣ መልሰው ገቡ። እንግዳ ዝም ብሎ መሸኘት ከብዷቸው፣ ማቅረቡም አስፈርቷቸው እንደነበር ገብቶኛል። በመጨረሻ ትኩስ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዘው ከፊቴ ቆሙ።

«ቤትሽ ቢሰሙ አይቆጡሽም፣ ልጄ?»

አይቆጡኝም አልኩና ዘግኜ በላሁ። ያንን ቆሎ ስበላ ሦስቱም ያዩኝ የነበረበት አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። እንጨት ተሸክማ በአፋፉ የምታልፍ አንዲት ሴትም አይታኝ ነበር፤ እሷን ያሰብኳት ግን ኋላ ነው።

ትኩሳቱ የጀመረኝ በሁዳዴ ጾም አጋማሽ ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት ነበር፤ ከዚያ ሆዴ፤ ከዚያ ቆሜ መሄድ አቃተኝ። እትዬ ጸበል አጠጡኝ፣ ፌጦ ቀቡኝ። ትኩሳቱ ግን በየቀኑ እየጨመረ ሄደ። ያቺ እንጨት ተሸካሚ ሴት ልትጠይቀኝ ስትመጣ ያየችውን ለእትዬ ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ እትዬ ስለ ጸበል አላወሩም። አባቴ እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ ቡዳ ያስለፈልፋሉ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ጠርተው መጡ።

እኩለ ቀን ላይ ነው። በሩ ተከፍቶ ፀሐይ እስከ መደቡ ትደርሳለች። ጎረቤት ሞልቷል። ሽማግሌው በገል ላይ ፍም አድርገው አንድ የማላውቀው ቅጠል በተኑበት፤ ባናዬን ከራሴ እስከ እግሬ አከናነቡኝና ጢሱን ከሥር ለቀቁት። የሚያናግሩት እኔን አልነበረም፤ ውስጤ አለ የሚሉትን ነው። የማን ነህ ይላሉ፤ በየት ያዝካት፣ በምን በላሃት፣ ተናገር። ሳልሁ፣ አለቀስኩ፣ እትዬን ተጣራሁ። እትዬም ያለቅሱ ነበር፤ ባናውን ግን ግጥም አድርገው ይዘዋል።

ሰው ሲጠይቀኝ ለብዙ ዓመት ትኩሳቱ ነው ያናገረኝ እል ነበር። እውነቱ እንዲህ ነው። ጢሱ ጉሮሮዬን ሲያንቀኝ አእምሮዬ አልጠፋም ነበር፤ እንዲያውም አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ስም ከጠራሁ ባናውን ያነሡልኛል። የማንን ስም ለመስማት እንደሚጠብቁም አውቃለሁ። ጠራሁት። ባናውን አነሡልኝ፤ የገባው አየር እንዴት እንደጣመኝ ዛሬም አልረሳም።

ከዚያ ሦስት ወንዶች ወጥተው ሄዱ። በልማዱ የበላው ራሱ መጥቶ በበሽተኛው ላይ እንትፍ ካለበትና ከተራመደው ይለቀዋል ነው የሚባለው። ትምህርት ቤት ሄደው ከክፍል አወጧት። የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ አንዱ ክንዷን ይዞ፣ በበሩ አስገቧት። ነጠላዋ አንድ ጎኑ ጭቃ ነክቶታል። እንትፍ በዪባት አሏት። አየችኝ። እኔም አየኋት፤ ዓይኔን ግን ቶሎ ወደ ጣሪያው አዞርኩ። ጎንበስ ብላ እንትፍ አለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ተራመደችኝ። ሲያጎነብሷት እጇ አንገቴን ነክቶ ነበርና ቀና ስትል ለእትዬ ተናገረች።

«እትዬ፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ነው። ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።»

አንዱ ጎረምሳ በጥፊ መታት። ማንም አልከለከለውም። ስትወጣ የእግሯን ዳና እትዬ በአመድ ሸፈኑት።

ጤና ጣቢያ የወሰደኝ መምህሩ ነው። ወሬውን ሰምቶ ማታውኑ ሳይሆን በነጋታው ጠዋት፣ ሁለት ካፖርቱን እንደደረበ መጣ፤ እትዬን በሕግ አስፈራራቸውና በሁለት ተማሪ ቃሬዛ አሸክሞ ወሰደኝ። ደሜን መርምረው ታይፎይድ ነው አሉ፤ ከምንጩ ውሃ ነው የመጣው፤ ከእኛው ሰፈር ሌሎችም በዚያው ሳምንት ታመው መጥተዋል። መድኃኒቱን በጀመርኩ በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ሰፈሩ ግን የሚያወራው ሌላ ነበር፤ እንትፍ ስትልባት ተነሣች አሉ። መዳኔ ራሱ በእሷ ላይ ማስረጃ ሆነ።

እኔ ገና ሳልድን እሷ ወደ ክፍል ተመልሳ ነበር። ልጆቹ የተቀመጠችበትን ዴስክ አውጥተው ሜዳ ላይ ጣሉት። ቆማ ተማረች ይላሉ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ፣ ደብተሯን ክንዷ ላይ አድርጋ። ከዚያ አንድ እሁድ ቤተሰቡ ቅዳሴ ሄዶ ሳለ የአባቷ ዳስ በእሳት ጋየ። ማን እንዳነደደው አልታወቀም ተባለ። ቀበሌው ስብሰባ ጠራ፤ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊትን እንዋጋ የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ሊቀመንበሩ ስለ እኩልነት ረጅም ንግግር አደረጉ። ጉዳዩ ይጣራል አሉ። ተጣርቶ አያውቅም። ሊቀመንበሩም ቢሆኑ ለማጽናናት እንኳ እስከ ወንዙ አፋፍ አልወረዱም። ሰኞ ጠዋት ወናፉን፣ ጉጠቱን፣ የቀሩትን ጥቂት ሸክላዎች በሁለት አህያ ጭነው ሄዱ። የት እንደሄዱ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም።

ትምህርት ቤት ስመለስ ከኋላው ዴስክ ብቻዬን ተቀመጥኩ። መምህሩ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ አስቀረኝ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ያን የክብደቱን ነገር፣ አርጎንና ፖታሲየምን፣ በእውነት ያገኘሁት እኔ ነኝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሷ ናት አልኩት። ራሱን ነቀነቀና መጠርጠሩን ተናገረ፤ በጊዜው ሳይጠይቅ በመቅረቱ ጥፋቱ የእሱም እንደሆነ ጨመረ። ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔንም ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እጄን ባወጣም ዓይኑ አልፎኝ ይሄዳል። በዓመቱ መጨረሻ ተዘዋውሮ ሄደ።

አባቴ ነገሩን ሁሉ የሰማው ለፋሲካ ነው። ጓሳ ከሚባለው ሜዳ ለቤት ክዳን ሣር ሊያጭድ ሰንብቶ፣ ሲመለስ በእኛ በኩል አለፈ። እትዬ እንዳዳኑኝ ሲነግሩት አመሰገናቸው። እኔ ግን ወደ ፈረሱ ስሸኘው ታይፎይድ መሆኑን፣ ውሃው መሆኑን ነገርኩት። ፊቱን ከፈረሱ አላነሣም። ማረሻዬን የሚስልልኝ ያ ሰው ነበር አለኝ፤ ዘንድሮ እስከ ራቤል ልሄድ ነው። ኮርቻውን አጥብቆ ሄደ።

አሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ከፔሪዮዲክ ቴብል ብዙ ጥያቄ ወጣ፤ የቁም ረድፍ፣ የጎን ረድፍ፣ ማን ከማን ሥር ይውላል። አንዱንም አልሳትኩም። አለፍኩ፤ መሰናዶ ገባሁ፤ ኮሌጅ ገባሁ፤ የኬሚስትሪ መምህር ሆንኩ። ዘጠነኛ ክፍል ነው የማስተምረው። በየዓመቱ አርጎንና ፖታሲየም ላይ ስደርስ ይህን አብራኝ የተማረች ልጅ በራሷ ደርሳበት ነበር እላለሁ። ከዚያ የት ደረሰች ብለው ይጠይቁኛል። አላውቅም እላቸው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ለትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የብረት መደርደሪያ እንዳሠራ ተላክሁና ደብረ ብርሃን ሄድኩ። አንድ የብየዳ ቤት ጠቆሙኝ። ከበሩ ላይ አንዲት ሴት የብየዳ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አድርጋ የመስኮት ፍሬም ትለካ ነበር። እኔ አላወቅኋትም፤ እሷ ናት ያወቀችኝ። በስሜ ጠራችኝ።

ወንበር አመጣችልኝና የማሠራውን ጠየቀችኝ። ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ የሚሸከመውን ነገር ሁሉ ጻፈች። አሲድ የሚቀመጥበት ከሆነ ብረቱ ባዶውን እንዳይሆን፣ ቀለም ሁለት ጊዜ ተደርቦ መቀባት እንዳለበት ነገረችኝ። ሥራውን ከጨረሰች በኋላ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች።

«ፈተናውን አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«ጥሩ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ስሜን ስትጠሪ ራስሽን ስተሽ ነበር?»

አዎ ብላት ኖሮ የምትቀበለኝ ይመስለኛል። በሩን ራሷ ከፍታ ነበር የሰጠችኝ።

«አልሳትኩም» አልኳት። «አውቄ ነው የጠራሁሽ።»

ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም። አባቷ እስኪሞቱ ድረስ፣ ልጅቷ ታማ ነው፣ አታውቅም፣ አትቀየሚያት ይሏት እንደነበር ነገረችኝ። እሷ ግን ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሳዞር አይታኝ ነበር፤ በሽተኛ እንዲያ አያዞርም አለች። ከዚያ ከተማ ከወጡ በኋላ ወደ ትምህርት አልተመለሰችም። አባቷ እዚህ ለሰው ተቀጥረው ሲሠሩ እሷ ብየዳውን ከአጠገባቸው ሆና ተማረች። እናቷ አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ድምፅዋን ሳታነሣ ነው።

እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። ሠራተኞች አሉ አለችኝ፤ እዚህ እንዲህ አይደረግም።

«ይቅርታው ለአባዬ ነበር የሚገባው» አለች። «በእሳቸው ቦታ ልስጥሽ ብል አልችልም።»

መደርደሪያው በተቀጠረው ቀን ደረሰ። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ማዕዘን አልተነቃነቀም። ለሥራ ደብረ ብርሃን በሄድኩ ቁጥር በዚያ መንገድ አልፋለሁ። ካለች እጇን ከፍ ታደርግልኛለች፤ እኔም ከፍ አደርግላታለሁ። አንዴ እናቷን በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አየኋቸው፤ ጠጋ ብዬ እጅ ነሣሁ። ማን ነሽ ብለው ጠየቁኝ። ልጃቸው ከውስጥ ሆና ደንበኛ ናት አለቻቸው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ዋዪ አሉኝ፤ መንገዴን ቀጠልኩ።